አረንጓዴ ፀጉር ስለበቀለበት አነስተኛ የኮራል ገንዳ

ጠያቂው በአራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሲሆን፣ የላኩት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «60 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ ገንዳ ካቋቋምሁ ሦስት ወር ሆነኝ። በውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሣዎች፣ እንዲሁም ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩት ኮራል ከሚባሉ የባሕር እንስሳት ወገን ጥቂት ዞአንቲዶችና ሁለት የእንጉዳይ ኮራሎች አሉ። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ታየ፤ እሱ ጠፍቶ አሁን ድንጋዩን ሁሉ አረንጓዴ ፀጉር ሸፍኖታል፣ አሸዋው ላይም እንደ ቀይ ጨርቅ ያለ ነገር ተነጥፏል። ውሃውን ከቧንቧ ቀድቼ፣ አፍልቼና አቀዝቅዤ ነው የምጠቀመው። የሚተንነውንም በዚያው እተካለሁ፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይሆናል። ውሃውን ስመረምር ናይትሬቱ በሊትር 25 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌቱ ዜሮ ነው። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል፤ ዓሣዎቹን ሦስት ጊዜ እመግባለሁ። የአልጌ መድኃኒት ልጨምር ወይስ ገንዳውን ለሦስት ቀን በጨርቅ ልሸፍነው?»

ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱንም አሁን አያድርጉ። ምክንያቱን ወደ ታች እገልጸዋለሁ። ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው ከመድኃኒቱ ይልቅ ውሃ በሚያፈሉበት ድስት ላይ ነው። አልጌ፣ በትምህርት መጻሕፍታችን ዋቅላሚ የሚባለው፣ ብርሃን፣ እንዲሁም በውሃ ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ሆነው የሚገኙትን ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ባገኘበት ሁሉ የሚበቅል ፍጥረት ነው እንጂ ገንዳዎን የያዘ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ምግቡ ከየት እንደሚገባለት ካላወቅንና መግቢያውን ካልዘጋን፣ ዛሬ ብንገድለው በድኑ በስብሶ ነገ ለሚበቅለው ማዳበሪያ ይሆናል።

ውሃን ማፍላት ለመጠጥ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ክሎሪኑንም ያባርራል። ለኮራል ገንዳ የሚያስቸግሩን ግን ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር አይወጡም። ድስቱ ላይ ተጣብቆ ከሚቀረው ነጭ የኖራ ቅርፊት በቀር፣ በሁለት ሊትር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ሁሉ ፈልቶ በቀረው አንድ ሊትር ተኩል ውስጥ ይጠራቀማል። ተመሳሳዩ ነገር በገንዳው ውስጥም ይደገማል፤ ከገንዳው ላይ የሚተንነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፣ ጨውም ሆነ ማዕድን እዚያው ይቀራል። በቀን ግማሽ ሊትር የሚተኩ ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ 45 ሊትር ያህል ጨምረዋል። ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ በገንዳዎ ውስጥ ያለው ውሃ ከ50 ሊትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከመጀመሪያው ሙሌት በላይ አንድ ሙሉ ገንዳ ሊሆን ጥቂት የቀረው የቧንቧ ውሃ የያዘው ማዕድን ሁሉ በውስጡ ተደርቧል ማለት ነው። አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ትነቱ ስለሚጨምር ይህ ክምችት ይፈጥናል።

የከተማችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጉድጓዶች የሚመጣ በመሆኑ፣ በየሰፈሩ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ባሕርይ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ የተቀመጠችበት መሬት የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ዓለት ውስጥ ሲጓዝ የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ያዩት ቡናማ አቧራ ዳያተም የሚባል በዓይን የማይለይ አልጌ ሲሆን፣ የሰውነቱን ሽፋን የሚሠራው ከዚሁ ሲሊካ ነው። አብዛኛው አዲስ ገንዳ ያልፍበታል፤ ከእርስዎም ዘንድ አልፏልና ስለ እሱ ብዙ አልልም።

የሚያስፈልግዎ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ተጣርቶ፣ በመጨረሻ የተረፈውን የሟሟ ማዕድን በሚይዘው በዲአዮናይዜሽን ሬዚን ውስጥ ያለፈ ውሃ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ ቲዲኤስ ሜትር የሚባለው፣ ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ላይ ዜሮ ወይም ለዜሮ እጅግ የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ለሕንፃ ነዋሪዎች አንድ ችግር አለ። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር በሚሆን ግፊት ሲሆን፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚጠቀሙት ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በሚወርደው ውሃ ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ስለሆነ፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ጣሪያው ያለው ርቀት ለማጣሪያው አይበቃውም። ማጣሪያውን ሲገዙ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ አብረው ያስቡ። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት ወይም አራት ሊትር የሚሆን ተረፈ ውሃ ይወጣል፤ ይህ ውሃ ለወለልና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ስለሆነ በጀሪካን ያጠራቅሙት እንጂ አያፍስሱት።

ማጣሪያው እስኪገኝ ድረስ ብዙዎች የሚሞክሯቸው ሦስት አማራጮች አሉ፤ ሦስቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለጣዕም ማዕድን ሊጨመርበት ስለሚችል በቲዲኤስ ሜትር ሳይለኩ አይመኑት። በመለዋወጫ ሱቆች የባትሪ ውሃ ሲባል አንዳንዴ ንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ፣ አንዳንዴም ለባትሪ የተዘጋጀ አሲድ ማለት ስለሚሆን፣ ምንነቱ በመለያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ወደ ቤትዎም አያስገቡት። ክረምት ሲገባ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ መቅዳት ያጓጓል፤ ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ለኮራልም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።

አሁን ወደ ምርመራዎ ውጤት ልመለስ። ፎስፌቱ ዜሮ መሆኑ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስት ንባብ ነው። መመርመሪያው የሚለካው በዚያች ደቂቃ በውሃው ውስጥ ተርፎ የተገኘውን ብቻ ነው፤ አልጌው በሰውነቱ ውስጥ የያዘውን አያይም። ደመወዙ በገባ ዕለት የሚያልቅበት ሰው ሒሳቡ ባዶ ስለሆነ ደመወዝ የለውም እንደማይባል ሁሉ፣ ድንጋዩ በአረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኖ ሳለ ፎስፌት የለም ማለት አይቻልም፤ እንደገባ ይበላል እንጂ ይገባል። ከዚህም የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። የኮራል ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ፎስፌትን በገጹ ላይ ይይዛል። በውሃው ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲበዛ ድንጋዩ ይወስዳል፣ ሲቀንስ ደግሞ የያዘውን ቀስ እያለ ይመልሳል። ስለዚህ ዛሬ የሚጨምሩትን ውሃ ቢያስተካክሉም አልጌው ለተወሰኑ ሳምንታት ከድንጋዩ ላይ እየተመገበ ይቆያል። ብዙ ሰው ትክክለኛውን መንገድ ከጀመረ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ መድኃኒት የሚሄደው በእነዚህ ሳምንታት ነውና፣ ይህን ከወዲሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ይህን ሲሰሙ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ጨርሶ ለማጥፋት እንዳይነሡ አደራ እላለሁ። የኮራልዎ ቀለምና ብርታት የሚመጣው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ዞኦዛንተላ ከሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ነው፤ እነሱም ልክ እንደ ድንጋዩ አልጌ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ በተሟጠጡበት ገንዳ ኮራል ይገረጣል፤ ብዙ ጊዜም ዳይኖፍላጀሌት የሚባል፣ አየር አረፋ ያቀፈ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ቦታውን ይይዛል፤ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ከአረንጓዴው ፀጉር እጅግ ይከብዳል። ለእንደ እርስዎ ያለ ገንዳ የምመክረው ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ፎስፌትን የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ይሸጣል፤ በትንሽ በትንሹ ከተጠቀሙበት ይረዳል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከጨመሩ ግን ፎስፌቱን በድንገት አውርዶ ኮራሉን ይጎዳል። እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

አሸዋው ላይ የተነጠፈው ቀይ ነገር አልጌ ሳይሆን ሳያኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። በስምጥ ሸለቋችን በጭቱ ሐይቅ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ስፒሩሊና በሚል ስም የምናውቀው የዚሁ ወገን ነው። በገንዳ ውስጥ የሚነጠፈው ውሃ በማይንቀሳቀስበት፣ የምግብ ትራፊና ዝቃጭ በሚጠራቀምበት ጥግ ነው። በጣት ሲነኩት እንደ ቆዳ ስለሚላጥ በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ፓምፑን ወደዚያ ጥግ ያዙሩት። በሰዓት 1,000 ሊትር ገደማ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ ማለትም የገንዳውን ውሃ 20 ጊዜ የሚያዞር፣ ለእርስዎ ኮራሎች ይበቃል። አንዳንዶች ኢሪትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲጨምሩ አያለሁ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዓሣውን ቆሻሻ ከአሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም በላይ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልግን መድኃኒት ለገንዳ ጽዳት ማዋል መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ማራባት ነው።

ለአረንጓዴው ፀጉር ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት እጅዎ ነው። ይህን ስል ቀላል ምክር የሰጠሁ እንዳይመስልዎት፤ አልጌው የበላው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ በሰውነቱ ውስጥ ስላለ፣ ነቅለው ከገንዳው ባወጡት ቁጥር የተጠራቀመውን ምግብ አብረው አወጡት ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይምረጡ። በዋዜማው 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ በባልዲ አድርገው ከ350 እስከ 380 ግራም የሚሆን ለኮራል ገንዳ የተዘጋጀ ጨው ይጨምሩበት፤ ጨው ሲባል የገበታም ሆነ የአፋር ጨው አይተካውም፣ ኮራል የሚፈልገውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ካርቦኔት በተገቢው መጠን አይዙምና። በትንሽ ፓምፕ እያዞሩና በማሞቂያ 25 ዲግሪ ላይ እያቆዩ ያሳድሩት፤ ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ የውሃን ጥግግት በሚለካው በሃይድሮሜትር ደግሞ 1.025 ገደማ መሆኑን ያረጋግጡ። በነጋታው ከገንዳው 10 ሊትር በቱቦ እየሳቡ ወደ ሌላ ባልዲ ያውጡ፤ ሲስቡም የቱቦውን አፍ በቀዩ ጨርቅና በዝቃጩ ላይ ያሳርፉት። ኮራል ያልተጣበቀበትን ድንጋይ አንድ በአንድ አውጥተው በዚያው በወጣው ውሃ ውስጥ ፀጉሩን በእጅዎ ይንቀሉ፤ የቀረውን በአዲስ የጥርስ ብሩሽ እያሻሹ ያርግፉ፤ በመጨረሻ በጥቂት ንጹሕ የጨው ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት። ድንጋዩን በገንዳው ውስጥ እንዳለ አይፈትጉ፤ የሚበተነው ቁራጭ ሁሉ በሌላ ቦታ ይበቅላል። ሥራው ሲያልቅ አዲሱን ውሃ ይሙሉ።

ስሌቱን ላሳይዎት። በየሳምንቱ ከ50 ሊትሩ 10 ሊትር ሲለውጡ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ 25 የነበረው ናይትሬት 20፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 13 ገደማ፣ በአራተኛው ሳምንት 10 ገደማ ይደርሳል። በተግባር ግን ዓሣዎቹ በየቀኑ ስለሚመገቡ ከዚህ ይዘገያል። አዲሱ ውሃ ራሱ ናይትሬት የያዘ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በታች ሊወርድ ስለማይችል፣ ድስቱን ሳይተዉ ውሃ መለወጥ ብቻ ድካም ሆኖ ይቀራል።

ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለቱ ዓሣዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ያድርጉት። በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ከሆነ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ውሃውን በወንፊት አፍስሰው ሥጋውን ብቻ ይስጡ፤ ውሃው በፎስፌት የተሞላ ነው። ሁለት ክላውንፊሽ በዚህ አይራቡም። መብራቱን ወደ 8 ሰዓት ያሳጥሩት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢያደርጉት ከሥራ ሲመለሱም ያዩታል። ነጩንና ቀዩን ብርሃን ዝቅ አድርገው ሰማያዊውን ይተዉት፤ ገንዳው በመስኮት አጠገብ ከሆነም የፀሐዩን ጨረር በመጋረጃ ይከልክሉ።

አረንጓዴው ፀጉር ካጠረ በኋላ የሚያጸዱ እንስሳት ያግዙዎታል፤ እንደ ትሮከስ ያሉ ሦስት ወይም አራት ቀንድ አውጣዎች ለ60 ሊትር ይበቃሉ። ረዥሙን ፀጉር ግን አብዛኞቹ አይደፍሩትም። አንዳንድ ወዳጆች ከጅቡቲ ጠረፍ ቀንድ አውጣ ወይም ኮራል በላስቲክ ይዘው መምጣት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የሚጠበቁ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይገባም። ከዚህም ሌላ ከባሕር በቀጥታ የተለቀመ እንስሳ የማያውቁትን ተባይ ይዞ ይገባል።

በመጨረሻ ወደ መድኃኒቱና ወደ ጨርቁ ልምጣ። ጨው ለሌለው ውሃ ገንዳ የሚሸጡ ብዙ የአልጌ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል፣ በድንጋዩ ላይ ተጣብቆም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሌሎቹ መዳብ ባይኖራቸውም እንኳ ሁሉም የሚጋሩት አንድ አደጋ አለ፤ ጨርቁም ያንኑ አደጋ ያመጣል። ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲሞት፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር ይህን በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል፤ እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ ያለ የጨው ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ከመጀመሪያው አንድ አራተኛው የለንም። ሌሊት አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ስለሚወስዱ፣ ጎሕ ሲቀድ ውሃው ከምንጊዜውም በላይ ድሃ ይሆናል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በስታዲየም አካባቢ የምንከባከበውን አንድ ገንዳ ለሦስት ቀን በወፍራም ጨርቅ ሸፈንሁት፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ ሦስቱም ዓሣዎች አፋቸውን ከፍተው በገንዳው ወለል ላይ ተኝተው ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ ውሃውን ሸሽተው መስተዋቱ ጫፍ ላይ ወጥተው ተርፈዋል። አልጌው ግን በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ በቀለ። ከዚያ ወዲህ በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ የአየር ፓምፕ ያልተገጠመለትን ገንዳ አልቀበልም፤ እርስዎም ከማጣሪያው እንኳ አስቀድመው ይህን ይግዙ። ሌሊት ከተማው ስለሚቀዘቅዝ፣ መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ገንዳውን በጎኖቹ በብርድ ልብስ ከበው ሙቀቱን ያቆዩት፤ የላዩን ገጽ ግን ክፍት ይተዉት።

በእጅ ነቅለው ያልጨረሱትና ሥሩን የሰደደ ፀጉር ያለበት ድንጋይ ቢኖር፣ ከገንዳው አውጥተው በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ በፀጉሩ ላይ ብቻ በብሩሽ ይቀቡት፤ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ በጨው ውሃ በደንብ አለቅልቀው ይመልሱት። ኮራል ባለበት ወገን አይንካ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ድንጋይ በላይ አያድርጉ፤ ምክንያቱ ከላይ ያልሁት የኦክስጅን ጉዳይ ነው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ፀጉሩ መጀመሪያ ይገረጣል፣ በእጅ ሲነካም በቀላሉ ይለቃል፤ ከዚያም በድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ነጠብጣብ ማየት ይጀምራሉ። ይህም ኮራላይን የሚባል ድንጋያማ አልጌ ስለሆነ አይፈትጉት፤ እሱ የያዘውን ቦታ አረንጓዴው ፀጉር በቀላሉ አያገኘውም። በእነዚህ ሳምንታት ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ውሃ ከመለወጥዎ በፊት ለክተው በማስታወሻ ይያዙ። ፀጉሩ እየቀነሰ ሳለ ፎስፌቱ ከዜሮ ተነሥቶ 0.05 ወይም 0.08 ቢያሳይ አይደንግጡ፤ የሚበላው አልጌ በመቀነሱ ድንጋዩ የሚመልሰው በምርመራው መታየት ጀምሯል። በአራተኛው ሳምንት ናይትሬቱ ካልወረደ ግን፣ የማጣሪያውን ውሃ በቲዲኤስ ሜትር እንደገና ይለኩና ሁለቱን ቁጥሮች አብረው ይላኩልኝ።